አሮጌውን ዓለም ማን ገደለው?

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታውን ላስተዋውቅ። ዋርሃመር ይባላል። እንግሊዝ አገር በ1983 ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ጦር ያሰልፋሉ። ወታደሮቹ ከአውራ ጣት ያጥራሉ። ትገዛቸዋለህ፣ ትገጣጥማቸዋለህ፣ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ቀለም ትቀባቸዋለህ። ከዚያ በኢንች እየለኩ ማንቀሳቀስ፣ ዳይስ መጣል፣ በሕጉ መነታረክ ነው። አንድ ውጊያ ግማሽ ቀን ይበላል።

ጌምስ ወርክሾፕ የሚባለው የኖቲንግሃም ኩባንያ በ2015 ይህን ጨዋታ አቆመው። ማቆም ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰዉ አጉረምርሞ ይረሳው ነበር። ኩባንያው ግን ጨዋታው የሚካሄድበትን ምናባዊ ዓለም ጭምር ከነከተሞቹ፣ ከነነገሥታቱ በተከታታይ መጻሕፍት ደመሰሰው። ጭቅጭቁ እስካሁን አልበረደም።

በቅርቡ የሰማሁት በሦስት ሰዎች መካከል ነው። ሦስቱም እንግሊዝ ነዋሪዎች ናቸው። አንዱ በአሥራዎቹ ዕድሜው ጀምሮ አሁን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ድሮ እነዚህን ወታደሮች የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሠርታለች። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ ዓለሙን ያወቀው በኮምፒዩተር ጌም ነው።

ነገር የጫረው ወጣቱ ነው።

«እስከ መቼ ነው የምታለቃቅሱት? ተመልሷል እኮ!» አለ።

ሐሰት አልተናገረም። በጃንዋሪ 2024 «ዘ ኦልድ ወርልድ» በሚል ስም ጨዋታው እንደገና ወጥቷል። ወታደሮቹ የሚቆሙበት መቆሚያም ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ተመልሷል። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። መቆሚያው አራት ማዕዘን ሲሆን ወታደሮቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰለፋሉ። ሰልፍ ሲኖር ፊት አለ፣ ጎን አለ፣ ጀርባ አለ። ጎኑን የተመታ ሰልፍ ይፈርሳል። የጨዋታው ነፍስ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሽበታሙ ራሱን ነቀነቀ። «የተመለሰው ስሙ ነው። ታሪኩን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ወሰዱት። የኔ ንጉሠ ነገሥት ካርል ፍራንዝ ገና አልተወለደም። ደግሞስ መድፉ የታለ?»

«መድፍማ አለ» አለችው ሴትዮዋ።

«እንደ ድሮው አይደለም!» አለና ገለጻውን ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ከጭቅጭቁ ሁሉ የጣመኝ ይህ ነው። ድሮ መድፍ ለመተኮስ ርቀቱን በዓይን መገመት ነበረብህ። ሜትር መዘርጋት ክልክል ነው። «ሠላሳ ሁለት ኢንች» ብለህ ጮክ ብለህ ትናገራለህ፣ ከዚያ ይለካል። ከገመትከው ላይ ዳይሱ ይጨመርበታል፣ ጥይቱ መሬት ነክቶ ይነጥራል። ዳይሱ ከከፋብህ መድፉ ራሱ ይፈነዳል። ክንዱ ስንት ኢንች እንደሆነ አስቀድሞ ለክቶ፣ የደከመው መስሎ ጠረጴዛው ላይ የሚደገፍ ተጫዋች ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በ2010 የወጣው ስምንተኛው እትም ግን እንደልብ መለካትን ፈቀደ። «የዚያን ቀን ነው መሞት የጀመረው» አለ ሽበታሙ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «እሱስ ከስምንተኛው እትም ጋር ነው የሞተው። ግን በመድፍ አይደለም፣ በዋጋ ነው።»

የሷ ነገር እንዲህ ነው። ያ እትም መጽሐፉ ብቻ ከ500 ገጽ ይበልጣል። ሕጉ ደግሞ ብዙ ወታደር ላለው ያደላል፤ ዐሥር ሰው በአንድ ረድፍ ላቆመ ተጨማሪ ምት ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ክፍል ብቻውን አርባ ወታደር ሆነ። ልጅ እናቱን ይዞ ሱቅ ይመጣል። «ለመጀመር ስንት ያስፈልገዋል?» ትላለች እናት። ሻጯ መቶ ወታደር ገደማ እንደሚሆን ትነግራታለች። ሁሉም ተገዝቶ፣ ተጣብቆ፣ ቀለም ተቀብቶ ማለት ነው። «እናትየው ቦርሳዋን ስትዘጋ ይሰማኝ ነበር። ልጁ ዞሮ ወደ ጠፈሩ ጨዋታ ይሄዳል። እዚያ በጥቂት ወታደር ትጀምራለህ።» የጠፈሩ ጨዋታ የምትለው ዋርሃመር 40,000 ነው፤ የዚያው ኩባንያ፣ ከ1987 ጀምሮ ያለ።

ከዚያ ወደ ሽበታሙ ዞረች። «አንተ ራስህ ከ2015 በፊት መጨረሻ የገዛኸው መቼ ነው?»

ዝም አለ። ከዚያ «ጦሬ ሙሉ ነበር» አለ።

እሷም ወጣቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እሱ ግን እጅ አልሰጠም። ያልገዛ ሰው ዓለሙ ይቃጠልበት የሚል ሕግ አለ ወይ አለ። እንዲያውም የ2004ን አነሣ። በዚያ ዓመት ክረምት ኩባንያው በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾችን ያሳተፈ ትልቅ ዘመቻ አካሄደ። እያንዳንዱ ሰው የጨዋታውን ውጤት ይልካል፣ የዓለሙ ዕጣ በዚያ ይወሰናል ተባለ። የጥፋት ጌታ የሆነው አርካዮን ዓለምን እንዲያጠፋ ታስቦ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን እንቢ አሉ። ጦሩ እንደታሰበው አልገፋም። በመጨረሻ ግሪምጎር የሚባል ኦርክ አርካዮንን በቴስታ መትቶ ጣለውና ትቶት ሄደ። ኩባንያው በኋላ ይህን ሁሉ እንዳልነበረ አድርጎ ተወው። «በጠረጴዛ ያሸነፍነውን በብዕር ነጠቁን» አለ። ከ2014 እስከ 2015 በወጡት መጻሕፍት አርካዮን ያው ዓለሙን አጠፋ። በዚህኛው ጊዜ ተጫዋች አልተጠየቀም።

ከዚያ በኋላ የመጣው «ኤጅ ኦፍ ሲግማር» ነው። ሲወጣ ሕጉ አራት ገጽ ነበር። የጦር ሚዛን የሚለካበት ነጥብ አልነበረውም። በዚያ ላይ ቀልድ ተሰነቀረበት፤ ሪዝህ ከተጋጣሚህ ሪዝ ከገዘፈ የሳትከውን ዳይስ ደግመህ የምትጥልበት ሕግ ነበር። «እኔን የሚያህል ተጫዋች በምን ሪዝ ሊያሸንፍ ነው?» አለች ሴትዮዋ። በዚህ አንድ ነገር ሦስቱም ተስማሙ። በዚያ ሰሞን ጦሩን ሲያቃጥል ራሱን በቪዲዮ ቀርጾ የለቀቀ ተጫዋችም ነበር። ሽበታሙ ይህን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ። ቀለም ተቀብቶ ያለቀን ጦር ማቃጠል ለእሱ ከኩባንያው ጥፋት አይተናነስም።

ወጣቱ እስካሁን ዳኛ መስሎ ነበር። የእሱም ቁስል ቆይቶ ወጣ። ይህን ዓለም ለእሱ ትውልድ ያደረሰው ከ2016 ጀምሮ የወጣው «ቶታል ዋር፦ ዋርሃመር» የተባለው የኮምፒዩተር ጌም ነው። ካታይ የሚባለው የምሥራቁ መንግሥት ድሮ ካርታ ላይ ስም ብቻ ነበር። በ2022 በጌሙ ተሟልቶ ቀረበ፣ ከዚያ በ2025 በጠረጴዛው ጨዋታ ወታደር ሆኖ መጣ። «ስለዚህ እኛ ጨመርንላችሁ እንጂ አልወሰድንባችሁም» አለ። የሚወደው ግን ስኬቨንን ነው፤ ከከተሞች ሥር በጉድጓድ የሚኖሩትን የአይጥ ሰዎች። ዘ ኦልድ ወርልድ ሲወጣ የአይጦቹ ጦር ከዋናዎቹ ውስጥ አልተካተተም። የሕግ ዝርዝራቸው በነፃ ተለቀቀ፣ ከዚያ ወዲያ እንደማይደገፉ ተነገረ። የእንሽላሊቶቹም፣ የጨለማዎቹ ኤልፎችም ዕጣ ይኸው ነው። ይህን ሲናገር ድምፁ እንደ ሽበታሙ ሆነ።

ሽበታሙ ደስ አለው። በዚያ ዓለም ድንኮቹ የተበደሉትን ሁሉ የሚጽፉበት የቂም መጽሐፍ አላቸው፤ ቂሙ ሳይከፈል አይሰረዝም። «በል አንተም መጽሐፍህን ክፈት» አለው። ይህን ያለው ሰው በ2024 የወጣውን ሳጥን በመጀመሪያው ሳምንት የገዛ ሰው ነው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

የእኔን ፍርድ ልስጥ።

ጨዋታውን ማን ገደለው ከተባለ ሴትዮዋ ትክክል ነች። ጦሩ የሞላለት ሰው አይገዛም፣ አዲሱ ልጅ ደግሞ በመቶ ወታደር በር ላይ ይቀራል። ዓለሙን ማፍረስ ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ እሱን ዋጋ አያስመኻኝም። መሸጥ ማቆም ይቻል ነበር። ካርታውን ማቃጠል ማንንም አልጠቀመም።

ካርታ የምለው በምክንያት ነው። ሽበታሙ መድፉን ቢያነሣም፣ የድሮው ዓለም ጥሩነቱ ርቀት ያለው መሆኑ ነው። ከኑልን ጀልባ ተሳፍረህ በሬይክ ወንዝ ብትወርድ አልትዶርፍ ትደርሳለህ፣ ከዚያ ማሪየንበርግ፣ ከዚያ ባሕር። መንገዱ ላይ የራስህን መንደር ፈጥረህ ብታስገባ ማንም አይከለክልህም። ኤጅ ኦፍ ሲግማር ግን ስምንት ግዛተ ዓለማት አሉት፣ ወሰናቸው አይታወቅም። ወሰን በሌለው አገር የጎረቤት ጠብ አይኖርም፤ ጦርነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤት ጠብ ነው።

ናፍቆቱን ግን አላጋንነውም። ያ ዓለም የተቀዳው ከአውሮፓ ነው። ኢምፓየር የሚባለው ዋናው ግዛት የ16ኛው መቶ ዘመን ጀርመን ነው፤ ላባ ያለው ባርኔጣና ጠመንጃ። ብሬቶኒያ ፈረንሳይ ናት። በሰሜን ምሥራቅ ሩሲያን የመሰለ አገር አለ። የግብፅ ዓይነት የሙታን ነገሥታትም አሉ። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ የእኛን አህጉር ወደሚመስለው ስትወርድ ጫካና እንሽላሊት ነው። ሌላው ጋ እያንዳንዱ መንደር ስም ሲያገኝ እዚህ አክሱምን ወይም ላሊበላን የሚያስታውስ አንድ ድንጋይ እንኳ አልቆመም። ለሽበታሙ ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «እሱንስ እኛም አልጠየቅንም» አለ።

ሕጉ ጠፋ የሚለውን ደግሞ አልቀበልም። መጻሕፍቱ መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ ወታደሮቹም ሣጥን ውስጥ። ነገ የድሮውን እትም አውጥቶ መድፉን በዓይን ቢገምት ፖሊስ አይመጣበትም። በእነዚያ ዓመታት ያጣው ተጋጣሚ ነው። የማይሸጥ ጨዋታ አዲስ ሰው አያመጣም፣ የቀሩትም አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ይነሣሉ። የ2024ቱ መመለስ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ ከሽበታሙ ፊት ለፊት ይህን ወጣት አስቀምጦለታል። ስለዚህ ኩባንያውን መውቀስ ካለባቸው በአይጦቹ ይውቀሱት። ልጁን ወደዚህ ዓለም ያስገቡት እነሱ ናቸው፣ በሩ ላይ የቀሩትም እነሱ።