ማስተካከያ፦ የሙዝና የለውዝ ዳቦው ሶዳ

ሐዋሳ ላይ ለገቢ ማሰባሰቢያ ለምትጋግሩ፦ ባለፈው ሳምንት በወጣው የሙዝና የለውዝ ዳቦ አሠራር ላይ «1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ» የሚለው «1 የሻይ ማንኪያ» ተብሎ ይነበብ። ልኩ ለ2 ኩባያ ዱቄት ነው። የሾርባ ማንኪያ 3 የሻይ ማንኪያ ይይዛል። በዚያ ልክ የተጋገረ ዳቦ ይጠቁራል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። እንዲያውም ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሊጡ ቶሎ ይነሳና መሃሉ ጎድጉዶ ይቀራል፤ ማንኪያዋን ጢም አታድርጓት። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ በሶዳው ቦታ እኩል አይገባም።

«ትኩሱን ጠቅልሉ» የሚለውም ይሰረዝ። ትኩስ ዳቦ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ቶሎ ይሻግታል። ለስጦታ ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ «ለውዝ አለበት» ብላችሁ ጻፉ፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ አይጠፋም።