ቤተሰብ ባልዲ ለማቀበል አይወሰድም

የረጅም ርቀት የፈረስ ግልቢያ ወዳጆች ሲገናኙ የማይቀር ክርክር አለ። ለብዙ ቀን ግልቢያ ሲኬድ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች አብረው ይሂዱ ወይስ ቤት ይቅሩ? ግማሹ «ቤት ይቅሩ» ይላል። ልጅ ይሰለቻል፣ የጋላቢው ሐሳብ ይበታተናል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተኮራርፎ ይመለሳል ባይ ነው። ሌላው ግማሽ ደስ ብሎት ይዟቸው ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ግን ባልዲ አስይዞ ፀሐይ ላይ ያቆማቸዋል።

እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ቤተሰብ ይሂድ። ግን ከግልቢያው ቀናት ቢያንስ አንዷ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ትሁን። ለዚህ ያልቆረጠ ሰው ብቻውን ቢሄድ ለሁሉም ይሻላል።

ስፖርቱን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በአንድ ቀን ከሚጋለቡት ዝነኛው እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ቴቪስ ካፕ ነው። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራማ መንገድ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ፈረስ። የብዙ ቀኑ ግልቢያ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደተለመደው በቀን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጋለባል፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቀጥላል። እያንዳንዱ ቀን ራሱን የቻለ ግልቢያ ስለሆነ አንድ ቀን ጋልቦ፣ በማግስቱ አርፎ፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና መነሳት ይቻላል። ለቤተሰብ የሚመቸውም በዚህ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። የአውስትራሊያው ሻህዛዳ በአምስት ቀን 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ጋላቢ፣ አንድ ፈረስ፣ አምስቱንም ቀን። እዚያ «የዛሬው ቀን የእናንተ ነው» ብሎ ነገር የለም። በየጣቢያው ፈረስ እየተቀየረ የሚጋለበው የሞንጎሊያው 1000 ኪሎ ሜትርማ ጭራሽ አይነሳም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ቀን መዝለል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካምፑ አንድ ቦታ ይቆይ እንደሆነም ጠይቁ። አንዳንዱ ግልቢያ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ ነው የሚያልቀው። ጋላቢው በፈረስ ሲነጉድ ድንኳን ነቅሎ፣ ልጆች ጭኖ፣ ተሳቢውን እየጎተተ በአቧራ ውስጥ ቀጣዩን ካምፕ የሚፈልገው ማን ሆነና? ዞሮ ዞሮ እዚያው ካምፕ የሚመልስ መንገድ ካለ እሱን ምረጡ።

እስቲ ቀኑን በቤተሰቡ ዓይን እንየው። ጋላቢው ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ከሰዓታት በኋላ ለግዴታ እረፍት ይመጣል። ፈረሱን በእንስሳት ሐኪም ያስመረምራል፣ አንድ ሁለት ጉርሻ ይጎርሳል፣ እንደገና ይወጣል። ማታ ደክሞት ይመለሳል። ስለ ነገው መንገድ የሚሰጠውን ማብራሪያ እንደሰማ ድብን ብሎ ይተኛል። በማግስቱም ያው። አብሮ ለማሳለፍ ተብሎ የተወጣበት ጉዞ እንዲህ ሲያልቅ፣ የቀሩት ቢከፋቸው ምን ይገርማል? ደግሞ እኮ ሲረዱ ነው የዋሉት።

ታዲያ እርዳታው ራሱ ይቅር ማለቴ አይደለም። በትክክል ከተሰጠ ልጅን የሚያኮራ ሥራ ነው። የልብ ምት ቆጠራውን ለምሳሌ ውሰዱ። ፈረስ አርፎ ሲቆም ልቡ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ገደማ ይመታል። ከሶምሶማ ሲመጣ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ምርመራው ጋ ብዙ ጊዜ ወደ 60 ወይም ወደ 64 ካልወረደ የእረፍቱ ሰዓት መቆጠር አይጀምርም። ስለዚህ ኮርቻ የሚያወርድ፣ አንገቱ ላይ ውሃ የሚያፈስ፣ ምቱን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። የአሥር ዓመት ልጅ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይህን ይችላል። ስቴቶስኮፑን ከግራ የፊት እግሩ ክርን ኋላ ያስጠጋል፣ 15 ሴኮንድ ይቆጥራል፣ በአራት ያባዛል። ሁለቱ ድምፅ፣ ሉብና ዱብ፣ አንድ ምት ነው። ጀማሪ ለየብቻ ይቆጥራቸውና ቁጥሩ እጥፍ ይመጣበታል። ልጁ ይህን ካወቀ በኋላ «ስንት ደረሰ?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ያን ጊዜ ፊቱን ማየት ነው!

የባልዲው ነገርም ከማቀበል በላይ ነው። የፈረስ ላብ ጨው ይበዛበታል። ውሃና ጨው አብረው ስለሚወጡ ፈረሱ ሰውነቱ ደርቆ ሳለ ጥም ላይሰማው ይችላል። ከኮርቻ ላይ ሆኖ ይህን ማወቅ ከባድ ነው። ካምፕ የዋለችው ልጅ ግን ባልዲው ምን ያህል እንደጎደለ ታያለች። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ድርቆሹን አልነካውም» ስትል መሰማት አለባት። እንዲህ ያለ ፈረስ ነገ ባይወጣ ነው የሚሻለው። እዚህ ላይ ቆራጥ ነኝ፦ ልጆቻችሁ ስለ ፈረሱ የሚሉትን የማትሰሙ ከሆነ ረዳት አትበሏቸው።

ሐኪሙም ልጆች ባሉበት ሲመረምር ደስ ይለኛል። ድዱን በጣት ይጫናል፤ ነጭ የሆነው ቦታ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ወደ ቀለሙ መመለስ አለበት። የሆዱን ድምፅ ያዳምጣል። ከዚያ በገመድ ይዞ በሶምሶማ ማስሮጥ አለ። ፈረሱ ካነከሰ ለዚያ ቀን በቃ። የስፖርቱ ሰዎች «መጨረስ ማሸነፍ ነው» ይላሉ፤ ግን ሲያስቀሩት የሚንጨረጨር ጋላቢ አይጠፋም። እናት ወይም አባት ሐኪሙን አመስግኖ ኮርቻውን ሲያወርድ ያየ ልጅ ለፈረስ መቆርቆር ምን እንደሆነ ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ያቺ የቤተሰቡ ቀን ልምጣ። ሁለት ፈረስ ካላችሁና ልጁ ግልቢያ የሚችል ከሆነ አጭሩን ርቀት አብራችሁት ውጡ። ብዙ ቦታ ከ40 እስከ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ግልቢያ ጎን ለጎን ይዘጋጃል። በአሜሪካው ደንብ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አዋቂ ጋላቢ ሳይለየው ነው የሚጋልበው፤ ሄልሜትም ግዴታ ነው። ፍጥነቱ የልጁ ይሁን። ሰዓት እያያችሁ አታጣድፉት። ፈረሱ አንድ ከሆነ ደግሞ እሱም ይረፍ፣ ቤተሰቡም የፈለገበት ይሂድ። ወንዝ ይሁን ተራራ እነሱ ይምረጡ። እኔ የመካከለኛዋን ቀን እመርጣለሁ። የመጨረሻዋ ከሆነች በድካም ታልፋለች፤ ወይም ደግሞ «ያቺን ብቻ ልጨርሳት» ተብላ ትነጠቃለች።

ስለ ደኅንነት ብዙ አልልም፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። ካምፕ ውስጥ አይሮጥም። በፈረስ ኋላ አይታለፍም። ሕፃን ካለ እሱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ይህ ሰው የፈረስ ሥራ አይሰጠው፤ አንድ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ካምፑን ሲያተራምስ ሕፃኑን አፈፍ የሚያደርግ ባዶ እጅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ከሌለ ሕፃኑ ዘንድሮ ቤት ይቆይ።

ባል ወይም ሚስት መሄድ የማትፈልግ ወይም የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ አትለምኑ። ፈረስ የማይወድ ሰው አለ፤ ድንኳን የማይወድም አለ። ልጆቹን ይዞ የሚሄደው ጋላቢ እንግዲህ የሚረዳው ጓደኛ ይፈልግ፣ የሚጋልብባቸውንም ቀናት ይቀንስ። ከአምስቱ ሁለቱን ቢጋልብ ከበቂ በላይ ነው።