አዋሽ ማደሪያ አለው

ባለፈው ሳምንት ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ስለ ፌስታል ክልከላው ያወራል። እንግዳው የቱሪዝም አማካሪ ናቸው ተባለ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የባሕር ብክለት ባሕር ያላቸው አገሮች ራስ ምታት ነው። እኛ ባሕር የለንም። የአዲስ አበባን ወንዞች የሚቀበለው አዋሽ ራሱ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ መጀመሪያ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ሎጅና ጀልባ፣ ፌስታሉ ቀስ ተብሎ ይታያል።

ሰውየው ጂኦግራፊ አልተሳሳቱም። አዋሽ በእርግጥ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ዘልቆ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ይህን እንደ ምሥራች ሲያወሩት ነው ደሜ የፈላው።

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ይዞ የሚዞረውም ግንድ አይደለም። ወንዙ ባሕር የሚደርስለት አገር ቆሻሻውን ሌላ ሰው ጓሮ ይጥላል። ነውር ነው፣ ግን ከደጁ ይርቅለታል። የእኛው የት ይሄዳል? የትም! እዚሁ ነው።

ከሰፈሬ ልጀምር። የምኖረው አቃቂ ነው። ክረምት ሲወጣ ወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች ፌስታል ያፈራሉ። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ከሰው ቁመት በላይ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። ጎርፉ ዘንድሮ የት ድረስ እንደ ወጣ የምናውቀው በእሱ ነው። ማለዳ ወጣ ካላችሁ ደግሞ ከድልድዩ በታች ካሮት ሲታጠብ ታያላችሁ። ጭቃው ለቆ ብርቱካንማ ቀለሙ እስኪያበራ ድረስ በወንዙ ውሃ ይታሻል። ከዚያ በጆንያ ሆኖ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ ወደ ከተማ። መሀል ከተማ የለቀቀው ፍሳሽ በሰላጣ ሳህን ወደ መሀል ከተማ ይመለሳል ማለት ነው። አማካሪውም ምሳቸውን የሚበሉት እዚያው ይመስለኛል።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ግድቡ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሷል። እምቦጭ ሲወርረው ሐይቁ ከሩቅ ለምለም መስክ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ሽታው እውነቱን ይናገራል። ጀልባው የሚቀዝፈው በዚህ ላይ ነው። ውሃው አልፎ ይሄዳል፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ቆቃ። መንገድ ዳር ተንጠልጥሎ የሚሸጠውን የቆቃ ዓሣ ስንቶቻችን መኪና አቁመን ገዝተናል? አዳማ የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ አጣርቶ ነው። ቀጥሎ ሶደሬ ነው። ሠርገኛው የሚዋኝበት፣ መሥሪያ ቤቱ የሚዝናናበት ሶደሬ። ከዚያ አዋሽ ፓርክ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት ፏፏቴ። መጨረሻው አቤ ነው፤ ፍላሚንጎው፣ እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙት የኖራ ድንጋዮች። ጅቡቲዎች በእነሱ በኩል ቱሪስት ይዘው ይመጣሉ፣ ዶላርም ይቆጥራሉ። የእኛ አማካሪ «አያገባንም» ያሉት ውሃ ቱሪዝም እንሸጥባቸዋለን ያልናቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እያንኳኳ ነው የሚያልፈው።

ደግሞ ሁሉም ውሃ ወደ አዋሽ አይሄድም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ የወደቀ ዝናብ በሙገር አድርጎ አባይ ይገባል። የአባይ መድረሻ ደግሞ ሜዲትራኒያን ነው፣ ባሕር! ግድብ ያስቀረዋል ትሉኝ ይሆናል። የማን ግድብ? የሕዳሴው። ከደመወዛችን ቦንድ የገዛንለት።

ሎጅ ሥራ ይፈጥራል፣ አልክድም። ከላይ ከተማ ውስጥ የወንዝ ዳሩ መጽዳቱም ደስ ይላል። ግን ታች ያለን ሰዎች የምናየው ውሃውን እንጂ ንጣፉን አይደለም።

«ቀስ ተብሎ ይታያል» የሚለው ነገር ደግሞ አያስቅም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለውን፣ የማይበሰብሰውን ፌስታል ማምረትም ማስገባትም ከልክሎ ነበር። ማን ሰማ? አሥራ ስምንት ዓመት ቀስ ብለን በ2017 ሌላ አዋጅ አወጣን። ከዚህ በላይ ቀስ ማለት መተኛት ነው። በዚህ መሀል ስለ ባሕር በር ሌት ተቀን እናወራለን። ቢሰጡን አቃቂን በያዝንበት እጅ ልንይዘው ነው? ቀይ ባሕር ይህን ሰምቶ ከሆነ ከእኛ ይልቅ እሱ ነው ጉዳዩን ሊያስብበት የሚገባው።

ታክሲው ውስጥ ይህን ሁሉ ለአጠገቤ ተሳፋሪ ስለፈልፍ ረዳቱ ፈገግ ብሎ ይሰማኛል። ሲያበቃ የያዘውን ሃይላንድ ጨልጦ በመስኮት ወረወረው።

«ምነው ወንድሜ?» አልኩት።

«ችግር የለም ጋሼ፣ ቆራሌ ያነሣዋል» አለኝ።

ድልድዩ ላይ ነበርን።