ምጣኔ የሚለካው በፊደል ቁጥር አይደለም

ስለ አንድ የትረካ ግጥም «አንዱ መስመር 15 ፊደል፣ ቀጣዩ 12 ስለሆነ ምጣኔው (የመስመሮቹ ልክ) ተሰብሯል» የሚለው ትንተና መታረም አለበት። በአማርኛ ግጥም የሚቆጠረው ቀለም ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም አንድ አናባቢ ይይዛል። የሚያሳስተው ሳድስ (ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ) ነው፤ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ድንጋይ» 4 ፊደል ቢሆንም 2 ቀለም ብቻ ነው (ድን-ጋይ)፤ «ድ» አናባቢ አላት፣ «ን» እና «ይ» የላቸውም። ጽሕፈቱ ይህን አያሳይም፣ ጆሮ ግን ይለየዋል። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ከፋፍሉ፦

ወን-ዙን-ተ-ሻ-ገ-ረ / ፈ-ረ-ሱን-ጫ-ነ-ና

ፊደሉ 15፣ ቀለሙ 6 በ6፤ ምንም ያልጎደለው የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ነው። 5 በ5 ቢሆን ሰንጎ መገን የሚባለው ሌላ የግጥም ዓይነት ይሆን ነበር። ተደጋጋሚው አዝማች ከሌላው መስመር ቢያጥር ደግሞ ወዲያው ስህተት አትበሉት፤ በየተራው እኩል ካጠረ ሆን ተብሎ የተደረገ የትረካ ማረፊያ ነው።