እስቲ ጥንዚዛ በል

ሰሞኑን ዋርሶ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የስሙን ቅዱስ ቀን ሲያከብር ጠርቶኝ ሄድኩ። ካፖርቴን ሳላወልቅ «እስቲ ኽሾንሽች በል!» ተባልኩ። ጥንዚዛ ማለት ነው። ሽቼብዤሺን በምትባል ከተማ፣ ሸምበቆ ውስጥ የሚጮኸው ጥንዚዛ። የልጆች ግጥም አለው፣ ሐውልትም ቆሞለታል። የውጭ ሰው ሁሉ በእሱ ይፈተናል። አልኩት። ሳቁ። ሾርባው ቀዘቀዘ።

ፖላንድኛ ምላስ ይሰብራል ይባላል፤ ነገሩ እኮ እንደሚወራው አይደለም። የፖላንድ ቃል ወደ ቁራጭ የሚከፈለው በአናባቢው ነው፤ ለአንድ አናባቢ አንድ ቁራጭ። ኽሾንሽች በላቲን 9 ፊደል ይፈጃል፤ አናባቢው ግን አንድ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ለ«ሽ» ሁለት፣ ለ«ች» ሁለት ፊደል ስለሚያሰልፉ ነው የሚያስፈራው። እኛ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አለን፣ ተመስገን።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የምትለውን ተረት እወዳታለሁ። አክስቴ ለችኩል ሠርግ ነበር የምትተርታት፤ ለረጅም ቃል የበለጠ ትሆናለች። ይኸው አንድ የፖላንድ ቃል፦ ኮንስታንቲኖፖሊታንቺኮቪያኔችካ! በላቲን 32 ፊደል። የሮጠበት ይወድቃል። ቀስ ብሎ ለፈታው 12 ቁራጭ ነው፤ የድምፅ ጫና የሚያርፈው እንደ ፖላንድኛ ወትሮ ከመጨረሻው በፊት ባለው ቁራጭ፣ «ኔች» ላይ። መጀመሪያ ቁስጥንጥንያ አለች፣ ቀጥሎ የከተማው ሰው፣ ቀጥሎ ሴት ልጁ፣ ጭራው ላይ ደግሞ ልጅቷን ትንሽ የሚያደርግ ቅጥያ። ከተማዋ ኢስታንቡል ከተባለች ስንት ዘመኗ፤ ልጅቷ ግን አላደገችም።

እንግዲህ እዚሁ አገር ነው አንዲት የቢሮ ሠራተኛ «ጌታዬ፣ ስምዎ በጣም ይረዝማል፤ አጭር የለውም?» ያለችኝ። ኃይለገብርኤል ነኝ። በላቲን 12 ፊደል። ሽቼብዤሺን 13 ነው! ቁጠሩት። የላኩልኝ ደብዳቤ ላይ «ኃይለገ» ብሎ መስመሩ አለቀ፣ «ብርኤል» ከታች ወረደ። የራሳቸውን «ሽ» የሚሠሩትን ሁለት ፊደሎች በመስመር መጨረሻ መለያየት ነውር ነው፣ የአጻጻፍ ሕጋቸው ይከለክላል። መልአኩን ግን አንገቱ ላይ ቆረጡት። «ኃይለ» ብለው ቢያሳርፉት ምን ነበረበት? መገጣጠሚያው እኮ ወለል ብሎ ይታያል! ሄጄ ላስረዳ ብል ሌላ ቅጽ ሰጡኝ። የስም ሳጥኑ የባሰ ጠባብ ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጥንዚዛው። ፈተናው ይቅር አላልኩም። ፈታኝም ይፈተን ነው የምለው። «ጠጅ» ይበሉ። እስካሁን «ተጅ» ሳይል ያለፈ አላጋጠመኝም።