የበላው ጅብ ሳይጮህ ለቀረ ጥቅል ማን ይክፈል?

በኢንተርኔት ዕቃ የምንሸጥ ሰዎች ገጻችን ላይ የምንለጥፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ዕቃው ከእጃችን ከወጣ በኋላ ቢጠፋ ኃላፊነት አንወስድም»። እኔም ለጥፌያት ኖሬያለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ግን አነሳኋት። አሁንም ሽንጣቸውን ገትረው የሚከራከሩላት ሻጮች ብዙ ናቸው። ክርክራቸው ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል። እኔ በደንብ አሽጌያለሁ፣ የመላኪያውን ከፍያለሁ፣ ደረሰኙም አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ አውሮፕላኑን የማበረው እኔ አይደለሁ፣ ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትሉኝ? ነው የሚሉት።

እኔ የጠፋውን ጥቅል ዕዳ መሸከም ያለበት ሻጩ ነው ባይ ነኝ። ያውም ሳይጨቃጨቅ። ከፖስታ ቤት ወይም ከኩሪየር ጋር ያለው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ለብቻው ይቀጥል። የሚያከስረን ሁለቱን መደባለቃችን ነው።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። የምሸጠው በእጅ የተጠረዘ የማስታወሻ ደብተር ነው፣ የምሠራውም ብቻዬን። አንድ ጊዜ ስድስት ደብተር ለአንዲት ገዢ ወደ ውጭ አገር ላክሁ። መከታተያው «ከላኪው አገር ወጥቷል» አለና ጸጥ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አርባ አንድ ቀን። የበላው ጅብ አልጮኸም። ገዢዋ መጀመሪያ በትሕትና ጠየቀችኝ፣ ቀጥላ በአጭሩ፣ በመጨረሻ በቃለ አጋኖ። እኔ ደግሞ «እባክዎ እዚያ ያለውን ፖስታ ቤት ይጠይቁልኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ሄደች። «መጠየቅ ያለበት ላኪው ነው» ብለው መለሷት። በዚህ መሃል የክፍያ አገልግሎቱ ዘንድ አቤቱታ ከፈተች፣ ገንዘቡ ከሂሳቤ ተነሣ፣ በላዩ ላይ ገጼ ላይ ዝቅተኛው ነጥብ፣ አንድ ኮከብ ተሰጠኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ፎቶ አንስቼ ለመከላከያ ልኬላቸው ነበር። መልስ የሰጠኝ የለም። አሁን ሳስበው እንኳንም አልሰጡኝ፣ ያሳፍራል።

ለነገሩ ዓረፍተ ነገሯ በሕግም ውሃ አታነሳም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ፣ ዕቃው በሸማቹ እጅ እስኪገባ ድረስ የመጥፋቱም የመበላሸቱም ዕዳ የሻጩ ነው። የብሪታንያ የእ.ኤ.አ. 2015 የሸማቾች መብት ሕግም ያንኑ ይላል። (ገዢው ሻጩ ካቀረበለት ምርጫ ውጪ የራሱን አጓጓዥ ከቀጠረ ነገሩ ይለያል፣ ግን ስንቱ ነው እንዲያ የሚያደርገው?) የክፍያ መድረኮቹም ቢሆኑ ሐሳባቸው ከዚህ አይርቅም። ፔይፓል ላይ ገዢ ከከፈለ በኋላ እስከ 180 ቀን ድረስ «አልደረሰኝም» ብሎ ማመልከት ይችላል፣ ሻጩን የሚያድነውም ዕቃው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው እንጂ ገጹ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ አይደለም።

ሕጉን እንርሳው እንኳ። አጓጓዡን የመረጠው ማን ነው? እኔ ነኝ። ርካሹን መንገድ የመረጥኩት፣ ክትትል የሌለውን አገልግሎት «ይበቃል» ያልኩት፣ የጉምሩኩን ቅጽ የሞላሁት፣ ውሉን የተዋዋልኩት እኔ። ገዢዋ ያደረገችው ነገር ቢኖር መክፈል ብቻ ነው።

ደግሞ «ጠፋ» የሚለውን ቃል ቀድመን እናወጣዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ጠፍቶ ሳይሆን ሳይነገርለት የቆመ ነው። በፖስታ የሚሄድ ጥቅል መንገዱ ላይ በጥቂት ቦታዎች ነው የሚነበበው፦ ስትሰጡት፣ የላኪው አገር የዓለም አቀፍ መለዋወጫ ቢሮ (አገሮች ፖስታ የሚረካከቡበት ጣቢያ) ሲደርስ፣ ከዚያ ሲወጣ፣ ተቀባዩ አገር ያለው መለዋወጫ ቢሮ ሲገባ፣ ጉምሩክ ሲይዘውና ሲለቀው፣ በመጨረሻ ሊታደል ሲወጣ። «ከላኪው አገር ወጥቷል» በሚለውና «ተቀባዩ አገር ገብቷል» በሚለው መካከል ብዙ ጊዜ ምንም አይነበብም። ጥቅሉ ለብቻው አይደለም የሚጓዘው፣ በትልቅ ከረጢት ውስጥ ከሌሎች ጋር ነው፣ ከረጢቱ በሦስተኛ አገር በኩል ሊያልፍ ይችላል፣ እዚያ አውሮፕላን ላይ ቦታ እስኪገኝ ወለል ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ለሻጩም ለገዢውም ልብ የሚያደርቀው ይህ ክፍተት ነው። የእኔም ስድስት ደብተሮች የቆሙት እዚሁ ላይ ነበር።

ራሱ ቁጥሩም ቢሆን ብዙ ይናገራል፣ ለማንበብ የሚደክም ሻጭ ግን ብዙ አላየሁም። የፖስታ መከታተያ ቁጥር በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ቅርጽ ነው ያለው፦ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ሁለት ፊደል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቁጥሩን የሰጠውን አገር ይናገራሉ። በ«አር» (R) ከጀመረ የአደራ ፖስታ ነው፣ በ«ሲ» (C) ከጀመረ ጥቅል፣ በ«ኢ» (E) ከጀመረ ኢኤምኤስ የሚባለው ፈጣን ፖስታ። በ«ዩ» (U) ከጀመረ ግን አትድከሙ፣ ክትትል የለውም። ቁጥሩ የተለጠፈው በዋናነት የጉምሩክ መረጃው ከዕቃው ጋር እንዲገናኝ ነው። አንድ የሙያ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ቁጥር ለገዢው ሰጥቶ ሁለት ወር ሙሉ «ሲስተሙ ነው የተበላሸው» ሲለው ነበር። ሲስተሙ ምንም አልሆነም ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። መቼ ዕቃው እንደሚገኝ ካላወቃችሁ፣ መቼ መጠበቅ እንደምታቆሙ ግን መወሰን ትችላላችሁ። እኔ ለየአገሩ አንድ ቀን ቆርጫለሁ። ያ ቀን ሲደርስ ገዢው ሳይጠይቀኝ እኔ እጽፋለሁ፦ ዕቃዎ አልደረሰም፣ ሌላ ልላክልዎ ወይስ ገንዘብዎን ልመልስ? ምርጫው የእሱ ነው። «እስቲ ሁለት ሳምንት እንታገሥ» የምትባለዋን ጨዋታ ትቻታለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ሳምንት አልቆ ሌላ ሁለት ሳምንት ሲጠየቅ ሰውየው እየተጠበቀ ያለው ዕቃው ሳይሆን አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜ እስኪያልፍ ነው ብሎ ይጠረጥራል። እውነት ለመናገር፣ እንዲያ የሚያደርጉ ሻጮችም አሉ።

ቀኑን ስትቆርጡ ግን ዜናውን አብራችሁ ተመልከቱ። አሜሪካ ዋጋው እስከ 800 ዶላር ለሆነ ዕቃ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መግቢያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2025 ስታቆም፣ በርካታ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደዚያ የሚሄድ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቁመው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ገዢው ከእናንተ አፍ ይስማው።

ገዢው እፎይ ካለ በኋላ የእኔና የፖስታ ቤቱ ጉዳይ ይጀመራል። እዚህ ላይ የብዙዎቻችን ስንፍና ይታያል። 192 አገሮችን ያቀፈው የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ፣ የጠፋ ዕቃ ፍለጋ ጥያቄ ዕቃው ከተላከበት ማግሥት ጀምሮ እስከ ስድስት ወር ድረስ እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ስድስት ወር ረጅም ይመስላል። ግን ከገዢው ጋር አራቱን ወር ስትጨቃጨቁ ከከረማችሁ፣ ደረሰኙ የት እንደገባም ከረሳችሁ፣ አጭር ነው። እኔ ደረሰኙን የማነሳው ገና ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው፣ በስልክ ፎቶ። የታሸገውን ጥቅል ከነአድራሻው፣ ውስጡንም ከመታሸጉ በፊት አነሳለሁ። ጥያቄ ሲቀርብ የሚፈለገው እነዚሁ ናቸውና።

ካሳው ግን ያሳቅቃል፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ተራ፣ ክትትል የሌለው ትንሽ ጥቅል ከጠፋ ካሳ የለውም። በግል ኩሪየር በአየር የሚሄደውም ቢሆን ካሳው የሚሰላው በዋጋው ሳይሆን በክብደቱ ነው። የአየር አጓጓዦችን ኃላፊነት የሚወስነው የእ.ኤ.አ. 1999 የሞንትሪያል ስምምነት ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ የጭነቱን ካሳ ጣሪያ በኪሎ 26 ኤስዲአር አድርጎታል (ከዚያ በፊት 22 ነበር)። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በአምስት ታላላቅ ገንዘቦች ዋጋ የሚያሰላው መለኪያ ነው። እስቲ አስሉት፦ ሦስት መቶ ግራም የሚመዝን የብር ጌጥ ቢጠፋ ጣሪያው ስምንት ኤስዲአር እንኳ አይሞላም። ጌጡ ስንት ወራት እንደፈጀ ኪሎው አያውቅም። ከዚህ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ ዋጋውን ስትልኩ አስመዝግባችሁ ተጨማሪ መክፈል አለባችሁ፣ ከጠፋ በኋላ «ውድ ነበር» ማለት አይሠራም።

ስለዚህ ካሳው የሚመልሰው ትንሽ ከሆነ ኪሣራው ከየት ይሸፈን? ከዋጋው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፣ «ታማኙ ገዢ ለምን ለጠፋው ይከፍላል?» ይላል። ሱቅ ተከራይቶ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሰበረውንና የሚሰረቀውን ዋጋው ውስጥ እንደሚያስገባው ሁሉ የእኛም እንዲያው ነው። ከሃምሳ ጥቅል አንዱ ይጠፋብኛል ያለ ሰው ሃምሳውም ላይ ሁለት በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ለብቻው ያስቀምጠዋል፣ ዕቃ ሲጠፋ ከዚያ ያወጣል፣ እንቅልፉንም ይተኛል። ኢንሹራንስ መግዛት የሚያዋጣው አንዱ ጥቅል ቢጠፋ ወሩን ሙሉ የሚያናጋ ከሆነ ነው። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ደብተር ሻጭ አያዋጣም።

«አጭበርባሪውስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ። ዕቃው ደርሶት አልደረሰኝም የሚል ሰው አለ፣ አጋጥሞኛልም። ግን ስንት ናቸው? በእኔ ልምድ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለእነዚያ ጥቂቶች ብዬ ሌላውን ሁሉ እንደ ሌባ ከጠየቅሁ የማጣው ይበልጣል። በድጋሚ የምልከውን ዕቃ በፊርማ በሚረከቡት መንገድ ነው የምሰደው፤ ያው ሰው ሁለተኛ ጊዜ «አልደረሰኝም» ካለ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ አልሸጥለትም። አበቃ።

አንዳንዱ መጥፋት ደግሞ የራሳችን እጅ ሥራ ነው። የጉምሩክ ቅጹ ላይ «ስጦታ» ወይም «ዕቃ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጥቅሉን ራሳችሁ ናችሁ ያስያዛችሁት። «የወረቀት ማስታወሻ ደብተር፣ 6» ብሎ መጻፍ ምን ይጎዳል? የተቀባዩን ስልክ ቁጥር አለመጻፍ ሌላው ነው። አድራሻውን በእጅ፣ በዝናብ በሚለቅ ቀለም መጻፍ ሦስተኛው። ባለቤት ያጡ ጥቅሎች የሚሰበሰቡባቸው ማዕከሎች አሉ፣ የአሜሪካው አትላንታ ነው፣ የብሪታንያው ቤልፋስት። እዚያ ያሉ ሠራተኞች ባለቤቱን ለማግኘት ጥቅሉን ይከፍቱታል። ውስጡ አድራሻ ከሌለ ግን ምን ያድርጉ?

ያ የስድስቱ ደብተር ጥቅል በሰባተኛው ወር ወደ እኔ ተመለሰ። የተለጠፈበት ወረቀት ለሁለት ተቀድዷል፣ ተቀባይዋ የተጻፈችበት ግማሽ የለም፣ የቀረው የእኔ ስምና አድራሻ ብቻ ነው። ያኔ የፍለጋ ጥያቄ የማቅረቢያው ጊዜ አልፎ ነበር። ለገዢዋ ፎቶውን ላክሁላት። «ታዲያ ደብተሮቹን አሁን ልግዛቸው?» ብላ መለሰችልኝ። በነፃ ላክሁላት፣ በፊርማ የሚወሰድ፣ ውስጡም አድራሻዋ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ያለበት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ኮከቡን ግን አላነሳችውም።