መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ

ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሹፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር ተሳቢው ወደ ግራ ይታጠፋል። ላልለመደው ሰው ያሳብዳል።

ላፓሮስኮፒ የሚባለው ቀዶ ሕክምናም እንደዚያው ነው። ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። መሣሪያው ቀዳዳው ላይ ስለሚደገፍ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ዐይን ደግሞ ከእጅ ተለይቶ ስክሪን ላይ ነው። ስክሪኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ የቱ ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ባለፈው ቀዶ ሐኪም ጓደኛዬ ቤት ሞከርኩት። የካርቶን ሳጥን፣ የስልክ ካሜራ፣ ከላይ ሁለት ቀዳዳ። ሥራው ስድስት ፍሬ ሽምብራ ከአንድ ሲኒ ወደ ሌላ ሲኒ ማዛወር ነው። አንደኛዋን ለመያዝ ብቻ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሁለተኛዋ ተስፈንጥራ ጥግ ገባች። «አንጀት ብትሆንስ ኖሮ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

ሐኪም ይህን ግራ መጋባት የት ነው የሚወጣው? ካርቶን ላይ ወይስ ሰው ላይ? የቆየው የሙያው ልማድ «አንዱን እይ፣ አንዱን ሥራ፣ አንዱን አስተምር» ይላል። በዚህ ልማድ ሬዚደንቱ፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ እጁን የሚያፍታታው ማስተማሪያ ሆስፒታል በተኛ ታካሚ ላይ ነው። እዚያ ከሚተኙት ብዙዎቹ ደግሞ ለግል ሆስፒታል የሚከፍሉት የላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የየል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 16 ሬዚደንቶችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምናን አስመስሎ በሚያሳይ የኮምፒውተር ሲሙሌተር የተወሰነ ደረጃ እስኪደርሱ ተለማመዱ። ከዚያ ሁሉም የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ላይ ታዩ። ያልተለማመዱት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ ሥጋ የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። የተለማመዱት ደግሞ 29 በመቶ ፈጠኑ። 16 ሰው ጥቂት ነው፤ እሺ። ግን እናንተ በየትኛው እጅ ትተኛላችሁ?

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እንዲህ ባለ ሳጥን ላይ የሚሰጠውን ፈተና ያላለፈ ሬዚደንት ለጠቅላላ ቀዶ ሕክምና የቦርድ (የስፔሻሊስትነት) ፈተና እንዳይቀርብ አድርገዋል። አንዱ ፈተና ከኔ ሽምብራ አይርቅም፦ ስድስት ትንንሽ ቁሶችን አሻግሮ መመለስ፣ ቢበዛ በ5 ደቂቃ።

እኛ ጋ «ገንዘብ የለም» ይባላል። የኮምፒውተሩ ሲሙሌተር በእርግጥ ውድ ነው። አየር መንገዳችን ግን ፓይለቶቹን በሲሙሌተር ሲያሠለጥን ቅንጦት ነው ያለ የለም። ካርቶን ደግሞ ከሱቅ ጓሮ በነፃ ይገኛል። የጎደለው ሰዓቱና ደንቡ ነው። አንድ የማውቀው ሬዚደንት የሚማርበት ሆስፒታል መለማመጃ ክፍል አለ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ግን አይገኝም። ቢገኝም ዲዩቲ አድሮ የወጣ ልጅ በየትኛው ጉልበቱ ይለማመዳል?

ሳጥን አይደማም፣ አያብጥም፣ ቤተሰቡ ውጭ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ከጎን ቆሞ «ቀስ በል» የሚለውን መምህር አይተካም። ግን መምህሩ ሽምብራ መያዝ ለማስተማር ማደንዘዣ ውስጥ ያለ ሰው ለምን ያስፈልገዋል?

የቀዶ ሕክምና ዲፓርትመንቶች ለሬዚደንቱ በሳምንት ሁለት ሰዓት መለማመጃ በሥራ ፕሮግራሙ ላይ ይጻፉለት። ሬዚደንቱ የሳጥኑን ፈተና ሳያልፍ ታካሚ ላይ መሣሪያ አይያዝ። ቁልፉንም በሩ አጠገብ ይስቀሉት።